የሮም ወርቅ፣ የአክሱም ወርቅና የእናቶቻችን ጠገራ

(በመካነ ሰላም ለሕዝብ የቀረበ ገለጻ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ የተስተካከለ)

የዛሬው ርእሴ ስለ ጥንታዊ የሮም የወርቅ ሳንቲሞችና ስለ ታሪካቸው ነው። «ሮም ከቦረና ጋር ምን አገናኛት?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት የምጀምረው ከሮም ሳይሆን ከቢሮዬ በር ነው።

ባለፈው ዓመት፣ ከሰኔ ዝናብ በፊት፣ ከዓባይ ሸለቆ አፋፍ ካለ ቀበሌ አንድ ገበሬ ሊያነጋግሩኝ መጡ። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ ይጠጋል። ከጋቢያቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፈትተው የጠገራ ብር የሚያህል ቢጫ ሳንቲም ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። በአንድ ወገን አክሊል የደፋ ሰው፣ በሌላው ወገን አንበሳ ይታያል። «ልጄ፣ የሮማ ንጉሥ ወርቅ ነው ብለውኛል፤ አንተ የተማርህ ነህና ንገረኝ» አሉ። የሸጡላቸው ሰዎች መንገድ ስንቆፍር አገኘነው እንዳሏቸው፣ ለመግዣውም ሁለት በሬ እንደሸጡ ነገሩኝ።

ሳንቲሙን ሳነሣው እጄ ነገረኝ። ወርቅ ከነሐስ በእጥፍ የሚበልጥ ክብደት አለው፤ ያን የሚያህል ወርቅ እጅን ይጫናል፣ ይህ ግን ቀለለ። ጠርዙን ዙሪያውን የሚዞር ቀጭን መስመር ነበረው፤ ይህም በሁለት ቅርጽ መካከል ቀልጦ የፈሰሰ እንጂ በመዶሻ የተመታ አለመሆኑን ያሳያል። በፊት ገጹ ዙሪያ ያሉት ምልክቶች ፊደል ይመስላሉ፤ ሲያነቧቸው ግን የግሪክም የላቲንም አይደሉም። «አባቴ፣ ይህ ነሐስ ነው» አልኋቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም «እንግዲያ እውነተኛው ምን ይመስላል?» ብለው ጠየቁኝ። በዚያ ሰዓት በቂ መልስ አልሰጠኋቸውም። የዛሬው ገለጻ ለእርሳቸው ዘግይቶ የቀረበ መልስ ነው፤ ዛሬም ከመካከላችን ተቀምጠዋል፣ ታሪኩን እንድናገርም ፈቅደውልኛል።

እውነተኛው የሮም ወርቅ

የሮም የወርቅ ሳንቲም አውሬየስ ይባል ነበር። ክብደቱ የሚቆረጠው ወደ 325 ግራም ገደማ ከሚመዝነው የሮም ፓውንድ ነው። በአውግስጦስ ቄሣር ዘመን ከአንድ ፓውንድ 40 ያህል ሳንቲም ይወጣ ነበር፤ እያንዳንዱም ወደ 8 ግራም ይጠጋል። ኔሮ በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ቁጥሩን ወደ 45 አሳደገው፤ ሳንቲሙም ያን ያህል ቀለለ። በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጦርነትና የዋጋ ንረት ግዛቱን ሲያናውጡት ክብደቱ እየወረደ ሄደ። ዲዮቅልጥያኖስ ከፓውንዱ 60 አስቈረጠ። በመጨረሻም በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ታላቁ ቈስጠንጢኖስ ከፓውንዱ 72 የሚወጣውን፣ 4.5 ግራም ገደማ የሚመዝነውን ሶሊዱስ አወጣ። ሶሊዱስ ለዘመናት ሳይለወጥ ጸንቶ ስለቆየ ከሜዲትራንያን ባሕር እስከ ህንድ ውቅያኖስ ድረስ የታመነ ገንዘብ ሆነ።

ይህን የክብደት ቁጥር የምጠቅሰው ያለ ምክንያት አይደለም። የሮም ቤተ መንግሥት በአንድ ግራም ላይ የሚያደርገው ለውጥ በአዱሊስ ወደብ በኩል አክሱም ድረስ ይሰማ ነበር። የሮም ወርቅ በቀይ ባሕር በኩል ወደ ምሥራቅ ይፈስ ነበርና። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ ህንድ በየዓመቱ ከ50 ሚሊዮን ሴስተርስ ያላነሰ ገንዘብ ከግዛቱ ትወስዳለች ብሎ አማርሯል። በዚያው በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስሙ ያልታወቀ አንድ ነጋዴ በግሪክኛ የጻፈው የኤርትራ ባሕር መመሪያ ወደ አዱሊስ የሚገቡትን ሸቀጦች ይዘረዝራል። እዚያ ለሚኖሩ የውጭ ሰዎች የሚሆን ጥቂት የሮም ገንዘብ ይገባ እንደነበር ይገልጻል። ያገሩ ሰዎች ግን ነሐስ መሰል ብረትን ለጌጥ እንደሚያደርጉትና እየቈራረጡ እንደ ገንዘብ እንደሚገበያዩበት ይናገራል። እንግዲህ አባቴ፣ ነሐስም አንድ ጊዜ በዚህ አገር የክብር ዘመን ነበረው፤ በደሉ የነሐሱ ሳይሆን የሻጮቹ ነው።

በማተራ የተገኘው ማሰሮ

በአክሱም ግዛት ምድር የሮም የወርቅ ሳንቲም በቁፋሮ ተገኝቷል? አዎን። ዛሬ በኤርትራ ውስጥ በምትገኘው በማተራ ፈረንሳዊው አርኪዮሎጂስት ፍራንሲስ አንፍሬ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባካሄደው ቁፋሮ በአንድ የነሐስ ዕቃ ውስጥ የተደበቀ የወርቅ ሀብት አገኘ። ሁለት መስቀሎች፣ ሰንሰለቶች፣ ብዙ የአንገት ጌጦች፣ ከእነርሱም ጋር በ2ኛውና በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተመቱ 14 የሮም የወርቅ ሳንቲሞች ነበሩበት።

ይህን ግኝት በጥሞና እንየው። መስቀሎቹ የሚነግሩን ሀብቱ የተደበቀው ክርስትና በአክሱም ከገባ በኋላ፣ ማለትም ከ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኋላ መሆኑን ነው። ሳንቲሞቹ ግን ከዚያ እጅግ ይቀድማሉ። ስለዚህ ሲደበቁ ገና አሮጌ ነበሩ፤ ከትውልድ ትውልድ ሲወራረሱ ኖረዋል። የተገኙትም ከገበያ ገንዘብ ጋር ሳይሆን ከጌጥ ጋር ነው። አንዲት የማተራ እመቤት የሮም ቄሣሮችን መልክ በአንገቷ አንጠልጥላ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ማሰብ እንችላለን። ጠገራ ብር በድሪ ላይ ደርድረው ለጥምቀትና ለሠርግ ለሚወጡት ለወሎ እናቶቻችን ይህች ሴት እንግዳ አትሆንባቸውም።

ከዚህ ጋር የሚነጻጸር ሌላ ግኝት አለ። በደብረ ዳሞ ገዳም እ.ኤ.አ. በ1940 ከ100 በላይ የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተዋል። እነዚያ ግን የሮም ሳይሆኑ የሰሜን ህንድና የመካከለኛው እስያ የኩሻን ነገሥታት ሳንቲሞች ናቸው። ከምዕራብ የሮም፣ ከምሥራቅ የኩሻን ወርቅ በአንድ ደጋማ አገር ተገናኙ ማለት ነው።

አክሱም የራሷን መታች

በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ የአክሱም ንጉሥ እንዱቢስ የራሱን የወርቅ ሳንቲም አስመታ። በዚያ ዘመን የራሱን ወርቅ በስሙ አስመትቶ ለዓለም ገበያ የሚያወጣ መንግሥት በጣት የሚቈጠር ነበር። ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ደግሞ ከአክሱም በቀር አልነበረም። የማኒ ተከታዮች ሮምን፣ ፋርስንና አክሱምን ከዓለም አራቱ ታላላቅ መንግሥታት መካከል የቈጠሩበትም ዘመን ይኸው ነው።

የእንዱቢስ ሳንቲም 2.7 ግራም ገደማ ይመዝናል። ቀደም ብዬ የጠቀስሁትን አስታውሱ፤ 325 ግራም ለ60 ሲካፈል 5.4 ነው፤ የእርሱ ግማሽ 2.7 ይሆናል። ተመራማሪዎች የአክሱም ሳንቲም የዘመኑን የሮም ሳንቲም ግማሽ ተከትሎ እንደተመታ የሚያስቡት በዚህ ስሌት ነው። ቈስጠንጢኖስ የሮምን ሳንቲም ሲያቀልል የአክሱምም ሳንቲም በኢዛና ዘመን ወደ 1.6 ግራም ገደማ ወረደ። ከግብጽ የመጣ ነጋዴ በአዱሊስ ሚዛን ፊት ሲቀርብ የሁለቱን መንግሥታት ወርቅ ማመዛዘን እንዳይቸገር ታስቦበታል።

መለኪያው የሮም ይሁን እንጂ መልኩ ያገር ቤት ነው። የሮም ሳንቲም በአንድ ወገን ንጉሡን፣ በሌላው ወገን ጣዖትን ወይም ድልን ያሳያል። የአክሱም ወርቅ ግን ንጉሡን በሁለቱም ወገን ያሳያል። ከእንዱቢስ ቀጥሎ በመጣው በአፊላስ ጊዜ በአንደኛው ገጽ ንጉሡ ዘውድ ደፍቷል፤ በሌላኛው ራሱን በጨርቅ ሸፍኗል። በግራና በቀኙ ሁለት የእህል ዛላዎች ቆመዋል። ሮማዊው ቄሣር የሎረል ቅጠል ጉንጉን ሲደፋ የእኛው ንጉሥ በእህል ዛላ መታጀቡን፣ ገብስና ስንዴ ለምታመርቱ ለእናንተ ማብራራት አያስፈልገኝም።

ከሥዕሉ በላይ የምናየው ምልክት ታሪክን ይዘግባል። በመጀመሪያ የጨረቃና የክብ ምልክት ነበረ። ኢዛና ክርስትናን ሲቀበል ጨረቃው ጠፍቶ መስቀል ተተካ። ንጉሡ ሃይማኖቱን መለወጡን በድንጋይ ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን ከእጅ ወደ እጅ በሚተላለፍ ወርቅ ላይ አወጀ። በወርቁ ላይ ያለው ጽሑፍ ከጥቂቶች በቀር ግሪክኛ ነው፤ ወርቁ ለባሕር ማዶ ንግድ ነበርና። ዋዜባ የተባለው ንጉሥ ግን በግእዝ አስጽፏል። በመዳብ ሳንቲሞች ላይ ደግሞ «ይህ ለአገር ደስ ያሰኝ» የሚል ትርጉም ያለው ቃል በግሪክኛ ይነበባል። በሳንቲም ላይ ለሕዝብ እንዲህ ያለ መልካም ምኞት መጻፍ በጥንቱ ዓለም የተለመደ አልነበረም።

ወርቁ ከየት መጣ?

አሁን ወደ ዓባይ ሸለቆ እመለሳለሁ። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ካሌብ ወደ ደቡብ ዐረቢያ ለመዝመት ሲዘጋጁ ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ አዱሊስ ነበር። በኋላ በጻፈው መጽሐፍ የአክሱም ወርቅ ከየት ይመጣ እንደነበር ይተርካል። ንጉሡ በአገው ገዥ አማካይነት በየሁለት ዓመቱ ሰዎቹን ሳሱ ወደሚባል አገር ይልካል፤ ብዙ ነጋዴዎችም አብረው ስለሚጓዙ ቍጥራቸው ከ500 ይበልጣል። በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ይሄዳሉ። ከዚያ ሲደርሱ የእሾህ አጥር ያጥራሉ፤ በሬዎቹን አርደው ሥጋውን፣ ጨውንና ብረቱን በአጥሩ ላይ ያስቀምጣሉ። ያገሩ ሰዎች መጥተው በወደዱት ዕቃ ላይ የወርቅ እንክብል ያኖሩና ፈቀቅ ይላሉ። ባለ በሬው በዋጋው ከረካ ወርቁን ያነሣል፤ ካልረካ ይተወዋል፤ ያገሩም ሰው ይጨምራል ወይም ወርቁን መልሶ ይወስዳል። ቋንቋ ስለማይግባቡ ንግዱ ሁሉ በዝምታ ነው። ጕዞው ደርሶ መልስ ስድስት ወር ይፈጃል፤ ክረምቱ ገብቶ ወንዞች እንዳይሞሉባቸው ሲመለሱ ይፈጥናሉ።

ብዙ ተመራማሪዎች ሳሱን በስተ ምዕራብ ከዓባይ ተፋሰስ፣ ከቤኒሻንጉልና ከፋዞግሊ አካባቢ ጋር ያያይዙታል። ዓባይ ሞልቶ ጎጃምን ከቦረና ሲለያይ ያየ ሰው የእነዚያን ነጋዴዎች ጭንቀት ያውቀዋል። ጨዉንም ልብ በሉ። ከአፋር ዝቅታ የሚወጣው ጨው በኋላ አሞሌ ተብሎ በወሎ ገበያዎች እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ እንደ ገንዘብ አገልግሏል። የወርቅ ሳንቲም በአክሱም ዘመን ተነሥቶ ወደቀ፤ ጨዉ ግን ቀጠለ።

የዚሁ ወርቅ ሌላ ጫፍ በየመን ተገኝቷል። በባብ ኤል መንደብ አቅራቢያ አል ማድሃሪባ በተባለ ቦታ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከተገኘ አንድ ክምችት ውስጥ 868 የአክሱምና 326 የሮም፣ ማለትም የቢዛንታይን፣ የወርቅ ሳንቲሞች ተቈጥረዋል። የአክሱምና የሮም ወርቅ በአንድ ከረጢት ጎን ለጎን መቀመጡ በክብደት ስሌት ብቻ የምንገምተውን ዝምድና በተጨባጭ አሳየን። ይህን ማወቅ የቻልነው ግን ክምችቱ ሳይበተን በአንድነት ስለተቈጠረ ነው። እነዚያ 1,194 ሳንቲሞች አንድ በአንድ ተሸጠው በተለያዩ አገሮች ቢበተኑ ኖሮ እያንዳንዱ ቆንጆ ወርቅ ሆኖ ይቀር ነበር፤ ታሪኩ ግን ይጠፋ ነበር።

ስለ ሰብሳቢዎች

ሳንቲም የሚሰበስቡ ሰዎችን ሁሉ በአንድ ዐይን ማየት አይገባም። ስለ አክሱም ገንዘብ ከምንጠቀምባቸው ዋና ዋና መጻሕፍት አንዱን እ.ኤ.አ. በ1995 ያሳተሙት የታሪክ ተመራማሪው ስቱዋርት መንሮ ሄይና የኦክስፎርዱ ሐኪም ቤንት ዩል ጄንሰን ናቸው። ሐኪሙ ራሱ ሰብሳቢ ነበር። የሚሰበስበውን የሚመዝን፣ የሚመዘግብና ለሌሎች የሚያሳትም ሰብሳቢ ለእውቀት ባለውለታ ነው።

ይሁን እንጂ የሰብሳቢ ገበያ ፍላጎትን ይፈጥራል፤ ፍላጎት ደግሞ ሁለት ዓይነት ሰው ያሰማራል። አንደኛው በሌሊት ዶማ ይዞ ጥንታዊ መቃብር ይቆፍራል። ሁለተኛው ነሐስ አፍስሶ ለገበሬ ይሸጣል። ሁለቱም የሚኖሩት በአንድ ወሬ ነው፤ «የጥንት ወርቅ ያበለጽጋል» በሚለው ወሬ። እኛ በዚህ አውራጃ የዚህን ዓይነት ገበያ ክፉ ገጽታ ከማንም በፊት አይተናል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን ቅርስ በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ አወረደ፤ በዚያም ለሁለት ቀናት በጨረታ ሸጠው። ከገዢዎቹ አንዱ የብሪቲሽ ሙዚየም ተወካይ ሪቻርድ ሆምዝ ነበር። መጻሕፍቱና መስቀሎቹ ሰብሳቢ አላጡም፤ ያጡት ቤታቸውን ነው።

በወሎ ስለተሸጠው የሮም ብር

የሚገርም ነገር ልጨምር። ያው የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲመጣ ስንቅና አጋሰስ የሚገዛበት ገንዘብ አላገኘም ነበር። ሕዝቡ ከማርያ ቴሬዛ ጠገራ በቀር አልቀበልም አለ። ንግሥቲቱ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው፤ ጠገራው ግን ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ 1780 የሚል ዓመት ይዞ ይመታል። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ነው። እንግሊዞች አዲስ ጠገራ ከቪየና አስመትተው ለማስመጣት ተገደዱ። ባላገሩ በእጁ የገባውን ጠገራ አገላብጦ በንግሥቲቱ ዘውድና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ፈርጦች ይቈጥር ነበር፤ ቍጥሩ ከጐደለ አይቀበልም። ያ ሰው ፊደል ባይቈጥርም የሳንቲም ሊቅ ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ብሔራዊ ገንዘብ እንዲኖር ዐወጁ፤ ሳንቲሞቹም በፓሪስ ተመቱ። ሕዝቡ ግን ከጠገራው በቀላሉ አልተላቀቀም። ይህን ያወቀችው ፋሽስት ኢጣሊያ እ.ኤ.አ. በ1935፣ አገራችንን ለመውረር ስትነሣ፣ የጠገራውን መምቻ ከኦስትሪያ ወስዳ በራሷ ዋና ከተማ፣ በሮም፣ ጠገራ ማስመታት ጀመረች። እንግዲህ «ሮም ከቦረና ጋር ምን አገናኛት?» ላላችሁኝ መልሱ ይህ ነው። ከጥንቷ ሮም ከ1,500 ዓመታት በላይ ቆይቶ ሮም ላይ የተመታ ገንዘብ በሚሊዮን እየተቈጠረ መጥቷል፤ ምናልባትም ዛሬ በአንዳንዶቻችሁ ሣጥን ውስጥ አለ። ጠገራው ሕጋዊ ገንዘብነቱን የለቀቀው በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ ነው።

ይህን የምናገረው ከራሴ ጥፋት ተምሬ ነው። አያቴ ሰባት ጠገራ የተደረደረበት ድሪ ነበራት። ስምንተኛው ሳንቲም መሐል ላይ የተሰካ፣ ከሌሎቹ ያነሰ፣ ጠርዙ የተበላ ነበር። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ለትምህርቴ ወጪ ድሪው እንዲሸጥ ተወሰነ። ለአንጥረኛው የወሰድሁት እኔ ራሴ ነኝ። አያቴ ከአንገቷ አውልቃ ስትሰጠኝ «መሐለኛዋን ከእናቴ ነው ያገኘኋት» አለችኝ። እኔ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ብርሃን አዙሬ አላየኋትም። አንጥረኛው ስምንቱንም በአንድ ሚዛን መዘናቸው፤ በዐይኔ ፊት በከሰሉ ውስጥ ጨመራቸው። በዚያ ገንዘብ ተምሬ የታሪክ መምህር ሆንሁ። ዛሬ ስለ ሳንቲም አስተምራለሁ፤ አያቴ አንገት ላይ የነበረችው ግን የማን መልክ እንደነበራት ልነግራችሁ አልችልም። አንጥረኛውን አልወቅስም፤ ሥራው ነው። ያላየሁት እኔ ነኝ።

ምን እናድርግ?

የምለምናችሁ ጥቂት ነገር ነው። በእርሻ፣ በመሠረት ቁፋሮ ወይም በጎርፍ የወጣ አሮጌ ሳንቲም ብታገኙ አትፈግፍጉት፣ በአሲድና በአሸዋ አታጥቡት፣ አትብሱት። ያገኛችሁበትን ቦታ ምልክት አድርጉ፤ ከእርሱ ጋር ገል፣ ዶቃ ወይም ዐጥንት ካለ ባለበት ተዉት፤ ቢቻል ፎቶ አንሡ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ለሚመለከተው አካል እንዲያስታውቅ ያዝዛል፤ የወረዳችሁ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት የቅርብ በራችሁ ነው። ወርቅ ነው ብሎ ሊሸጥላችሁ የሚመጣ ካለም በሬያችሁን ከመሸጣችሁ በፊት ሚዛን ላይ አስቀምጡት፤ ጠርዙንም እዩ። የአክሱም ወርቅ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። የጠገራ ስፋት ያለው የአክሱም የወርቅ ሳንቲም የለም።

በቤታችሁ ያለውንም ድሪ አትርሱ። ሽጡ ወይም አትሽጡ ማለት ለእኔ አይገባም፤ ችግር ሲመጣ ምን እንደሚደረግ አውቃለሁ። ከመሸጣችሁ በፊት ግን ልጆቻችሁን ጠርታችሁ እያንዳንዱን ሳንቲም በሁለት ወገን አገላብጡ፤ ከማን እንደተወረሰ ንገሯቸው፤ ተማሪው ይጻፈው። ተማሪዎቼም በመጪው ዕረፍት ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ ይህን እንደ ቤት ሥራ ውሰዱት።

ለእርስዎም፣ አባቴ፣ ያ ነሐስ እኔ ዘንድ አለ። ለተማሪዎቼ ሐሰተኛን ከእውነተኛ እንዴት እንደሚለዩ የማስተምረው በእርሱ ነው። በሬዎቹን ሊመልስልዎ አይችልም፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ እሱን አይተው የተማሩ ሰዎች በቀላሉ አይታለሉም። አሁን ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ፤ ሳንቲም ይዛችሁ የመጣችሁም ወደ ፊት ቅረቡ፤ ሚዛኑ እዚህ አለ።